የትኛው ሙዚየም ይሻላል? የአዲስ አበባን ሙዚየሞች ለመምረጥ

ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ስልኬ ይጮኻል። ትምህርት ቤት ሲዘጋም እንደዚያው። «አንቺ ታውቂያለሽ፤ የትኛው ሙዚየም ይሻላል?» ይሉኛል። እኔም ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ። ከማን ጋር ነው የምትሄዱት? ስንት ሰዓት አላችሁ?

ይህን ያስተማረኝ አንድ ቅዳሜ ነው። የአክስቴ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር መጣ። «አንድ ቀን ብቻ ነው ያለን፤ ሁሉንም አሳዪን» አለኝ። አራት ቦታ ይዣቸው ዞርኩ። ሦስተኛው ላይ ትንሿ ልጅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አልነሳም አለች። ማታ እራት ላይ ምን እንዳዩ ስጠይቃቸው ልጆቹ ያስታወሱት አንበሳውን ብቻ ነበር። በጣም አዘንኩ። ቦታዎቹ የሚያሳዩት አጥተው አይደለም። ሁሉንም በአንድ ላይ ስለጠቀጠቅኩባቸው ነው። ከዚያ ወዲህ በቀን ከሁለት ሙዚየም በላይ ማንንም አላስጎበኝም፤ ሁለቱንም የምመርጠው ሰውየውን አይቼ ነው።

ብሔራዊ ሙዚየም ወይስ ስድስት ኪሎ?

በብዛት የምጠየቀው ይህንን ነው። ሁለቱ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ናቸው። ግን የሚነግሩን ነገር ጨርሶ አይገናኝም።

ብሔራዊ ሙዚየም ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጣ አምስት ኪሎ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሄደው ለድንቅነሽ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ መገኘቱ ነው ዓለምን ያስደነቀው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ግን አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሯቸው። መስታወቱ ውስጥ የምትታየው ቅጂዋ ናት። እውነተኛው አጽም እዚያው ሙዚየሙ በጥንቃቄ አስቀምጦታል። የአክስቴ ልጅ ልጅ ይህን እዚያ ቆሞ ሲሰማ ፊቱ ወደቀ። አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ቅጂው ራሱ ይበቃው ነበር። ሁለት ቅጂ ነው ያለው። አንደኛው አጥንቶቹን አስተኝቶ ያሳያል፤ ሁለተኛው ቆማ ስትራመድ ምን እንደምትመስል ያሳያል። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የአምስት ዓመት ልጅ ይዛችሁ ከሆነ አጠገቧ አቁሙት። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

ሰላምንም አትለፏት። በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራ ቡድን በ1993 ዓ.ም ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃን ናት። ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ ነበረች። ብዙ ሰው «የድንቅነሽ ልጅ» ይላታል። ነገር ግን ሰላም በመቶ ሺህ ዓመት ያህል ትቀድማታለች፤ ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው። አርዲ የምትባለው ሌላዋ አጽም ደግሞ ከሁለቱም ትበልጣለች፤ 4.4 ሚሊዮን። ከዚያ ወደ እኛ ስንጠጋ የሄርቶው ሰው አለ፤ 160 ሺህ ዓመት። ኢዳልቱ ብለውታል። በአፋርኛ ሽማግሌ፣ ታላቅ እንደማለት ነው። አራቱን በዕድሜ ቅደም ተከተል ለልጅ መተረክ ከቻላችሁ፣ የምድር ቤቱ ብቻ ለመግቢያ የከፈላችሁትን ይመልሳል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ይወጣል። እባካችሁ አትውጡ። ወደ ላይ ስትወጡ ከአክሱም በፊት የነበረው ዘመን ይጠብቃችኋል። ሐውልቲ ላይ የተገኘችው፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የተቀመጠችው የድንጋይ ሴት እዚያ ናት። እኔ ከሙዚየሙ ሁሉ እሷን እወዳለሁ። የለበሰችው ቀሚስ የሽንሽን መስመሩ ሳይቀር ይታያል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ግዙፍ የእንጨት ዙፋንም አለ። የሥዕል ክፍሉም ከዚያው ላይ ነው።

ስድስት ኪሎ ግን ሌላ ዓለም ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኘው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ውስጥ ነው። ቤቱ ራሱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ተቋሙ በ1955 ዓ.ም ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በብሔር ወይም በክልል አይደለም። በሰው ዕድሜ ነው። መጀመሪያ ልደትና ልጅነት ይመጣል። ከዚያ ጉርምስና፣ ሥራ፣ ጋብቻ፣ እምነት። መጨረሻ ላይ ሞትና ቀብር። የአንዱ ብሔረሰብ መዋቢያ ከሌላው አጠገብ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። እንደዚህ አድርጎ ያደራጀው ሰው ትልቅ ነገር አስቧል ብዬ አምናለሁ። ሲዳማ ነው፣ ሐመር ነው፣ መንዝ ነው ሳንል፣ ሁላችንም ተወልደን፣ አግብተን፣ አልቅሰን የምናልፍ መሆናችንን በዕቃ ያሳያል።

አንድ ጊዜ አክስቴን ከደብረ ብርሃን ሲመጡ ወሰድኳቸው። ሙዚየም ገብተው አያውቁም። መጀመሪያ ላይ ዝም ብለው ተከተሉኝ። እንዝርት ያለበት መስታወት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «ይኼማ የእኛ ቤት ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ አስጎብኚዋ እሳቸው ሆኑ። ጥጥ እንዴት እንደሚነደፍ፣ ድሩና ማጉ እንዴት እንደሚለይ፣ ለሙሽራ ምን እንደሚፈተል፣ ሁሉንም ነገሩኝ። አጠገባችን የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ተጠግተው አዳመጡ። ሁለት ሰዓት ቆየን። ወጥተው ምን አሉ መሰላችሁ? «እኔ የማውቀው ነገር እዚህ ይቀመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።»

ላይኛው ፎቅ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችና የሙዚቃ መሣሪያዎች አሉ። የንጉሡና የእቴጌ መነን መኝታ ክፍሎችም አሉ፤ መታጠቢያ ቤቱ ሳይቀር። ስትወጡ ደግሞ ከቤቱ ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ታያላችሁ። ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን የፋሺስት አገዛዝ አንድ ዓመት ነበር። ዛሬ ጫፉ ላይ የተቀመጠው የይሁዳ አንበሳ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። አደባባዩ ላይ ያለው ሐውልት ከዚያ በኋላ ለተጨፈጨፉት ነው። ስለዚህ እዚህ ስትመጡ ግቢውንም ጨምራችሁ ነው የምትጎበኙት።

ፍርድሽን ንገሪን ካላችሁኝ፦ ልጆች፣ ተማሪዎች ወይም የሳይንስ ፍላጎት ያለው እንግዳ ከያዛችሁ ብሔራዊ ሙዚየም። እናቶችን፣ አባቶችን፣ ወይም «ኢትዮጵያ ምንድን ናት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከያዛችሁ ስድስት ኪሎ። አንድ ሙዚየም ብቻ የማየት ዕድል ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ያለ ማመንታት ስድስት ኪሎ እለዋለሁ።

ሦስት ቤተ መንግሥት፣ አንድ ንጉሥ

ቤተ መንግሥት ማየት የሚፈልግ ሰው ሦስት ምርጫ አለው። አንዱን ነግሬያችኋለሁ፤ ገነተ ልዑል። ሌሎቹ ሁለቱ አንድነት ፓርክና ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ናቸው።

አንድነት ፓርክ በታላቁ ቤተ መንግሥት፣ ማለትም በምኒልክ ግቢ ውስጥ ነው። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም ተመረቀ። ከሁለቱ ሰፊው ይህ ነው። የአፄ ምኒልክ መኖሪያ፣ የዙፋን ቤቱና የግብር አዳራሹ አሉ። የግብር አዳራሹ ውስጥ ስትቆሙ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ቁርጥ ሲበላና ጠጅ ሲጠጣ ማሰብ አይከብድም። የክልሎች ማሳያ አለ። ጥቁር ጋማ ያላቸው አንበሶች አሉ፤ የእኛን ልጆች ልብ የሰረቁት። ልጅና አዋቂ አብሮ ለመዋል ከከተማው የሚመች ቦታ ነው። ግማሽ ቀን ያዙለት። ጫማችሁ ለእግር ጉዞ የሚሆን ይሁን፤ ብዙ ትሄዳላችሁ።

ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የድሮው ኢዮቤልዩ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ በ1948 ዓ.ም የተሠራ። በሙዚየምነት ለሕዝብ የተከፈተው በ2017 ዓ.ም ነው። እዚህ የሚታየው የኑሮ ውበት ነው። ዕቃው፣ ምንጣፉ፣ የመቀበያ አዳራሾቹ፣ የንጉሡ መኪናዎች። መኪና የሚወድ ወንድም ወይም አጎት ካላችሁ ሌላ ቦታ አትድከሙ። ለሕፃናት ግን አልመክረውም። አትንኩ፣ አትሩጡ ስትሉ ነው የምትውሉት።

ታሪክ ለሚወድ ሰው ግን እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ሦስቱን አትለዩዋቸው፤ እንደ አንድ ታሪክ ተከታትላችሁ እዩአቸው። በአንድ ቀን ሳይሆን በሁለት። በመጀመሪያ ገነተ ልዑል። ንጉሡ የኖሩበት ነው። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም በመንግሥቱና በግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት የታገቱት ባለሥልጣናት የተረሸኑት እዚያ ነው። ንጉሡ ከዚያ በኋላ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ቀጥሎ ኢዮቤልዩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ ከሥልጣን ያወረዳቸው እዚያ ነው። ያ ሁሉ መኪና ከቆመበት ግቢ በትንሽ ቮልስ ተወሰዱ። መኪናዎቹን ስታዩ ይህን አስቡ። ሦስተኛ የምኒልክ ግቢ። ደርግ ባለሥልጣናቱን ምድር ቤት ያሰረበት። ንጉሡም ሕይወታቸው ያለፈው በዚሁ ግቢ ነው፤ አጽማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም ነው። መጨረሻ ላይ አራት ኪሎ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቡ። በ1993 ዓ.ም የተቀበሩት ከእቴጌ መነን ጎን ነው። ይህን መንገድ ሁለት ጊዜ ሰዎችን ይዤ ሄጃለሁ። ንጉሡን የሚወድም፣ የማይወድም፣ ሥላሴ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ዓድዋና ቀይ ሽብር

እነዚህን ሁለት የማነጻጽራቸው ሰዎች በአንድ ቀን ስለሚያቅዷቸው ነው። አታድርጉት።

የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ነው። የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም ተመረቀ። አዲስ ነው፣ ትልቅ ነው፣ የኩራት ቦታ ነው። ወጣቶችን፣ በውጭ ያደጉ ልጆችን፣ ከሌላ አፍሪካ አገር የመጣ እንግዳን ውሰዱበት። ስትጨርሱ እዚያው አጠገብ ያለውን የምኒልክ ሐውልት አሳዩ። ጣሊያን ሲገባ ነቅሎት፣ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ የቆመ ሐውልት ነው። ከዚያ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ግቡ፤ ታቦቱ ዓድዋ የዘመተ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የራሱም አነስተኛ ሙዚየም አለው። ሦስቱ አብረው ሲታዩ ነው ዓድዋ የሚሞላው። እኔ እንዲያውም ጊዮርጊስን አስቀድማለሁ። ጸጥታው ለትልቁ አዳራሽ ያዘጋጃል።

የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም መስቀል አደባባይ ዳር ነው። በ2002 ዓ.ም ተከፈተ። ትንሽ ነው፤ በአንድ ሰዓት ይታያል። መግቢያ አይከፈልበትም፤ የፈቀዳችሁትን ትሰጣላችሁ። ግድግዳው ሙሉ የወጣቶች ፎቶግራፍ ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። ከጅምላ መቃብር የወጡ አጽሞችና ሲገደሉ የለበሱት ልብስም አለ። ያንን ዘመን በአካል ያለፉ ሰዎች ያስጎበኙ ነበር፤ ዕድል ቀንቷችሁ ከእነሱ አንዱን ካገኛችሁ አትቸኩሉ፣ ስሟቸው።

የአባቴን ታላቅ ወንድም አንድ ቀን ይዣቸው ገባሁ። አስቀድሜ አልጠየቅኳቸውም። ከፎቶዎቹ አንዱ ፊት ቆሙ። ረጅም ጊዜ ቆሙ። «አንድ ክፍል ነበርን» አሉኝ። ሌላ ምንም አልተናገሩም። ስንወጣ ሻይ እንጠጣ አልኳቸው። «ወደ ቤት እንሂድ የኔ ልጅ» አሉ። ስለዚህ ይህን ሙዚየም ስትመርጡ ጥንቃቄ አድርጉ። ያንን ዘመን የኖረ ሰው ከሆነ መጀመሪያ ጠይቁት። እምቢ ካለ አትጫኑት። ሕፃናትን አትውሰዱ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ግን ቢያዩት እመኛለሁ፤ ፎቶው ላይ ያሉት እኩዮቻቸው ናቸውና። ከዚህ ሙዚየም በኋላ ሌላ ነገር አታቅዱ።

ሥዕል ለሚወድ

ዞማ ቤተ መዘክር መካኒሳ አካባቢ ነው። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ መሥርተው በ2011 ዓ.ም ከፈቱት። ቤቱ በጭቃና በጭድ ነው የተሠራው። ምርጊቱ ላይ በእጅ የተሠራውን ጌጥ ለማየት ብቻ መሄድ ይቻላል። አያቶቻችን የሚያውቁት ግንባታ ይህን ያህል ውብ መሆን እንደሚችል እዚያ ነው ያመንኩት። የአትክልት ቦታ አለው፣ ልጆች ይሮጣሉ፣ አየሩ ሌላ ነው። የኤልያስን ሥራ የማታውቁ ከሆነ፣ ከአሮጌ ኮምፒውተርና ከሽቦ ትልልቅ ሥዕል የሚሠራ ሰው ነው። ከቅርብ ስታዩት ቆሻሻ መጣያ፣ ከሩቅ ስታዩት መልክዓ ምድር ነው።

የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ስድስት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎን ተምሮ፣ አገሩ ተመልሶ አስተምሮ፣ በ1973 ዓ.ም በስደት አሜሪካ ያረፈ ሠዓሊና ገጣሚ ነው። ጀርመን ቆይተው የተመለሱ ሥራዎቹ እዚህ ናቸው። ሰው የማይበዛበት ጸጥ ያለ ቦታ ስለሆነ ብቻውን መሄድ ለሚፈልግ ሰው ይህን እመርጣለሁ። ከሰው ጋር፣ በተለይ ከልጆች ጋር ከሆነ ዞማ። የጥንቱን የብራናና የገበታ ሥዕል ለሚፈልግ ግን ከሁለቱም ስድስት ኪሎ የጥናትና ምርምሩ ተቋም ይበልጣል።

የቀሩት በአጭሩ

ሳይንስ ሙዚየም በ2015 ዓ.ም የተከፈተ ነው፤ ኮምፒውተርና ሮቦት የሚወድ ልጅ ይወደዋል። የአዲስ አበባ ሙዚየም መስቀል አደባባይ አጠገብ፣ በራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ውስጥ ነው፤ የድሮ ፒያሳን ፎቶ ማየት ለሚወድ አዲስ አበቤ ነው የሚስማማው። ፖስታ ቤት ያለው የቴምብር ሙዚየም ደግሞ ለሰብሳቢዎች ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን በ1886 ዓ.ም ፓሪስ የታተሙት ናቸው። እንጦጦ ከወጣችሁ የማርያምን ሙዚየም ሳታዩ አትውረዱ፤ የምኒልክና የጣይቱ ልብሶች አሉ።

ከመሄዳችሁ በፊት

መታወቂያ ያዙ። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ይጠየቃል፤ ቤተ መንግሥቶቹ ላይም ፍተሻ አለ። የመግቢያ ዋጋ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ይለያያል፤ እንግዳችሁ በር ላይ እንዳይደነግጥ አስቀድማችሁ ንገሩት። በበዓል ቀን ከመውጣታችሁ በፊት ደውላችሁ መክፈታቸውን አረጋግጡ። ፎቶ ማንሳት አንዱ ጋ ይፈቀዳል፣ ሌላው ጋ ይከለከላል፤ ጠይቁ። አስጎብኚ ካለ ያዙ፣ ስትወጡም ጉርሻ አትርሱ። በሥራ ቀን ጠዋት ከሄዳችሁ ቦታው የእናንተ ነው። ቅዳሜ ግን የትምህርት ቤት ልጆች ይሞሉታል።

የአክስቴ ልጅ በጥር እንደገና ይመጣል፤ አሁን ሁለት ሳምንት አለው። ልጁ አሥራ አራት ሞልቶታል፣ መኪና ነው ወሬው። ትንሿ ትሥላለች። ስለዚህ እሱን ኢዮቤልዩ፣ እሷን ዞማ እወስዳቸዋለሁ። ብሔራዊ ሙዚየም አንድ ጠዋት ብቻ፤ በዚህኛው ጉዞ የምትታየው ድንቅነሽ ቅጂ መሆኗን አስቀድሜ ነግሬዋለሁ፣ ሰላምን ነው ማየት የሚፈልገው። ስድስት ኪሎን ግን ለአክስቴ ትቼላቸዋለሁ። ለጥምቀት ከደብረ ብርሃን ይመጣሉ። እንዝርቱን ለልጆቹ የሚያሳዩት እሳቸው ናቸው።